ትራውት ፍለጋ ባሌ፦ ከጥምቀት በኋላ ያለችውን ሳምንት እንዴት ላድርጋት?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ። የምኖረው ዴንቨር ነው፣ እዚህ ጓደኞቼ ፍላይ ፊሺንግ (ነፍሳት በምትመስል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ በ‹ፍላይ›፣ ዓሣ ማጥመድ) አስለምደውኝ አሁን እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ወንዝ ዳር ነኝ። ለጥምቀት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር (8 እና 11 ዓመታቸው ነው) አዲስ አበባ እንገባለን፣ ከበዓሉ በኋላ አንድ ሳምንት ይተርፈናል። ባሌ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ አለ ሲሉኝ ማመን አቃተኝ፣ እውነት ነው? ምን ይዤ ልምጣ? ባለቤቴ ዓሣ ማጥመድ አትወድም፣ ለእሷና ለልጆቹስ? ያጠመድኩትን መብላትስ ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ጠየቅክ፣ አዎ አለ፣ ብራውንና ሬይንቦ የሚባሉት ሁለቱም ዓይነቶች። ከኬንያ መጥተው ወንዞቹ ላይ ከተለቀቁ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል፣ ውሃው ቀዝቃዛና ንጹህ ስለሆነ ተስማምቷቸው እዚያው እየተባዙ ነው። ወይብ፣ ዳንካ፣ ሻያ የሚባሉትን ወንዞች ስም ያዝ። መነሻህ ዲንሾ ናት፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ፣ መግቢያ የምትከፍለውም አስጎብኚና ፈረስ የምትከራየውም እዚያው ነው። ዓሣ ለማጥመድ የሚያስፈልገውን ፈቃድና የሚፈቀድልህን ቦታ መጀመሪያ እነሱን ጠይቅ፣ ሳትጠይቅ ዘንግ እንዳታወጣ።

ጊዜውን በተመለከተ እድለኛ ነህ። ክረምት ላይ ብትመጣ ኖሮ ወንዙ ደፍርሶ ሞልቶ ምንም አታይም ነበር፣ ጥር ግን በጋ ስለሆነ ውሃው ጎድሎ ጥርት ይላል፣ ችግሩ አንተ ዓሣውን እንደምታየው እሱም አንተን ያይሃል። እዚያ ያለው ወንዝ ደግሞ ሰፊ አይደለም፣ ሣር ሜዳው ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጠባብ ውሃ ነው፣ ዳርና ዳሩን ውሃው ከስር ቦርቡሮታል፣ ትራውቱ ቀን ቀን የሚደበቀው እዚያ ጥላ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ተጠጋ፣ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ጅረቱ ስለሆነ ከኋላው ትሆናለህ፣ ከዳር ራቅ ብለህ ተንበርከክ፣ ጥላህ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ፣ ፍላይህን ከዳሩ አንድ ስንዝር ያህል ጠጋ አድርገህ ጣላት። ጠዋቱን ተጠቀምበት፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ቀጭን ላይን (የማጥመጃውን ክር) መወርወር ያበሳጫል።

ዕቃ ሁሉንም ከዚያው ይዘህ ና፣ እዚህ ሱቅ ገብቼ ቲፔት (ፍላዩ የሚታሰርበትን ቀጭን የጫፍ ክር) እገዛለሁ እንዳትል። ባለ 4 ዌይት (ቀለል ያለ) ዘንግ፣ ፍሎቲንግ ላይን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ)፣ ቀጭን ሊደር (ከላይኑ ጫፍ የሚቀጠል ክር)፣ ፍላይ ደግሞ አዳምስና ፌዘንት ቴይል በትንንሹ ቁጥር፣ አንድ ሁለት ዉሊ በገር ጨምር በቃ። መንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ እሾህ በፒንሳ ተጫናት፣ ለመልቀቅ ይቀልሃል። ዌደር (ውሃ የማያስገባውን ረጅም ሱሪ) ግን ተወው፣ ወንዙ ከዳር ሆነህ የሚጠመድ ነው።

አሁን አደራ የምልህ ነገር አለ። እናንተ ጋ ኮሎራዶ ላይ ዊርሊንግ ዲዚዝ የሚባለው የዓሣ በሽታ የዱር ሬይንቦውን እንዴት እንደጎዳው ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ያ ነገር የሚጓዘው በጭቃ ነው፣ በእርጥብ ጫማና በመረብ። ባሌ ደግሞ ትራውት ብቻ አይደለም ያለው፣ ሌላ የትም ዓለም ላይ የሌሉ እንቁራሪቶች አሉ፣ እንቁራሪት የሚጨርስ ፈንገስ በዓለም ዙሪያ እየተዛመተ ባለበት ጊዜ እነዚህ ከጠፉ ከየትም አናመጣቸውም። ስለዚህ ዴንቨር የለበስከውን የወንዝ ጫማ ተወውና ሌላ አዲስ ይዘህ ና፣ ካልሆነም ጭቃውን አራግፈህ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠበውና ፀሐይ ላይ ክው እስኪል ይድረቅ፣ መረቡንም እንደዚያው። ከአንዱ ወንዝ የያዝከውን ዓሣ ደግሞ ሌላ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ የሚባል ነገር እንዳታስበው፣ በቅንነትም ቢሆን። ይሄን ጠንከር አድርጌ የምልህ ፓርኩ የሁላችን ስለሆነ ነው፣ 2023 ላይ እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ከፍታውን አትናቅ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለምትኖር ለምጄዋለሁ ትል ይሆናል፣ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፣ ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ያልፋል። የመጀመሪያውን ቀን ምንም አታቅዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ከልጆቹ አንዱን ራሱን ካመመውና ካስመለሰው ወደ ታች መውረድ ነው፣ ነገ ይሻለዋል ብሎ መጠበቅ የለም። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጃኬትም ኮፍያም።

ለባለቤትህና ለልጆቹ እንዳታስብ፣ እንደውም ከአንተ በላይ እነሱ ናቸው የሚደሰቱት። ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን በቅርብ ይታያል፣ ከርከሮውም አለ። አንድ ቀን መኪና ይዛችሁ ከጎባ ወደ ሳነቴ ውጡ፣ ጅብራው መሃል ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን የማየት እድላችሁ ጥሩ ነው፣ ከዚያ ቁልቁል ወርዳችሁ ሐረና ጫካ ስትገቡ አየሩም ዛፉም ሌላ አገር ይሆንባችኋል፣ የጫካ ቡና ያለበት ነው። ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ ደግሞ ወይብ ላይ ነው። በዚያ ስም የሚጠራው ዋሻ ውስጥ የዛሬ 30,000 ዓመትና ከዚያ በፊት ሰዎች እየኖሩ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር ተመራማሪዎች አሳይተዋል፣ ለ11 ዓመቱ ልጅ ይሄን ንገረው! ይሄው ወይብ ራሱ ወርዶ ወርዶ ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚገባው ነው።

መንገዱ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከመነሳታችሁ በፊት የሰሞኑን የጸጥታ ሁኔታ አጣሩ፣ ጊዜያችሁ አጭር ስለሆነ ግን እኔን ብትሰማኝ እስከ ሮቤ በአውሮፕላን ሄዳችሁ ከዚያ መኪና ብትይዙ ይሻላል። ቢያንስ አራት ሌሊት ስጡት፣ ደርሶ መልስ አድርጋችሁ ከሮጣችሁ ከፍታውን ሳትለምዱ ትመለሳላችሁ።

መብላቱን ፓርኩ ከፈቀደ ብላ፣ ትራውቱ መጤ ስለሆነ አንድ ሁለት ለራት ብትይዝ ነውር የለውም። ሆዱን ስትከፍት የበላውን እይለት፣ ለነገ የትኛውን ፍላይ እንደምታስር ይነግርሃል፣ አንጀቱን ግን ወንዙ ውስጥ አትጣል፣ ከብት የሚጠጣበት ነው፣ ራቅ ብለህ ቅበረው።