ስለ ሹራብ ሥራ፦ ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከአባይ ማዶ፦ ለመጀመር ምን ልግዛ? ገበያ ላይ ያለው ክር ሁሉ አንድ ይመስለኛል።

4 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ጥንድ የሹራብ መርፌና መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ይበቃሻል። ቀለሙ ፈዘዝ ይበል። በጥቁር ክር መጀመር ዓይንን ማድከም ነው፤ መብራት በጠፋበት ማታማ ጨርሶ አይሞከርም።

ገበያው ላይ የሚበዛው አክሪሊክ ነው። ለማጠብ አያስቸግርም፣ ላብ ግን አይመጥም። በባሕር ዳር ሙቀት ቀን ለሚለበስ ነገር ጥጥ ይሻላል። ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ካለሽ ጣት የሚያህል ቁራጭ በወረንጦ ይዘሽ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ለኩሺው። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም ሲያሹት ይደቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። አክሪሊክ ቀልጦ ደረቅ እንክብል ይሆናል፤ ትኩሱ ስለሚንጠባጠብ በጣትሽ አትያዢው።

ለሥራው የሚበቃውን ክር ደግሞ በአንድ ጊዜ ግዢ። በሌላ ጊዜ የተነከረ «ያው ቀለም» ሹራቡ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል።

ከፋሲሎ፦ የአንገት ልብሱን በ30 ዓይን (መርፌው ላይ በሚደረደር የክር ቀለበት) ጀምሬ አሁን 41 ሆኗል። ማን ጨመረው?

ራስሽ ነሽ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ረድፉ መጀመሪያ ላይ ነው። ሥራውን ስትገለብጪ ክሩ በመርፌው ላይ ወደ ኋላ ከተሳበ የመጀመሪያው ዓይን ሁለት እግሩ ወደ ላይ ይወጣና ሁለት ዓይን ይመስላል፤ አንቺም ሁለት ጊዜ ትሠሪዋለሽ። ከመጀመርሽ በፊት ክሩን ከመርፌው በታች ወደ ፊት ጎትቺው፣ አንድ ዓይን ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ከፊት ዓይን (ክሩ ከሥራው ኋላ ሆኖ ከሚሠራው) ወደ ጀርባ ዓይን (ክሩ ከፊት ሆኖ ወደሚሠራው) ስትሻገሪ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል ማሳለፍ ትተሽ በመርፌው ላይ ማዞር ነው። እዚያ ቦታ ቀዳዳ ታያለሽ። በየ4 ረድፉ ቁጠሪ።

ከግሽ ዓባይ፦ የእህቴ ልጅ ክርስትና ደርሷል። የሕፃን ቆብ በስንት ዓይን ልጀምር?

ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ነውና «አዲስ ለተወለደ» በሚለው ልክ አትሥሪ፤ ይጠባል። የራሱን ዙሪያ በሜትር ለኪ። 38 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ቆብ ስለሚለጠጥ 36 አድርጊው።

አሁን በያዝሽው ክርና መርፌ 26 ዓይን ጀምረሽ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ሥሪና መሐሉ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ ቁጠሪ። ይህን መለኪያ ንቆ የሚያልፍ ሰው ነው ቆቡን ለአሻንጉሊት የሚያወርሰው። 20 ከሆነ ለ36 ሳንቲ ሜትር 72 ዓይን ይመጣል። እጅሽ ጠበቅ ያለ ሆኖ 22 ከቆጠርሽና ያንኑ 72 ከጀመርሽ ግን ቆቡ ከ33 ሳንቲ ሜትር በታች ይሆናል፤ ያን ጊዜ 80 ጀምሪ። ቁጥሩ ምንጊዜም ለ8 እንዲካፈል አድርጊ።

በሁለት መርፌ ጠፍጣፋ ስለምትሠሪው ለስፌቱ 2 ጨምሪ፦ 72ቱ 74 ይሆናል። መጀመሪያ 3 ሳንቲ ሜትር 2 የፊት፣ 2 የጀርባ ዓይን እያፈራረቅሽ ሥሪ፤ ጠርዙን የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ አንዱን ረድፍ በፊት፣ አንዱን በጀርባ እያልሽ ጠቅላላ ቁመቱ 11 ሳንቲ ሜትር ሲሆን መቀነስ ጀምሪ። ዳርና ዳር አንዳንድ ዓይን ትተሽ 7 ሥሪ (መነሻሽ 80 ከሆነ 8)፣ ቀጥሎ ያሉትን 2 አንድ ላይ ይዘሽ እንደ አንድ ዓይን ሥሪ፤ ይህንን 8 ጊዜ። የመልሱን ረድፍ ሳትቀንሺ ሥሪ። ቀጥሎ 6 ሠርተሽ 2 አንድ ላይ፣ ከዚያ 5፣ እንዲህ እያልሽ 10 ዓይን ሲቀር ክሩን 40 ሳንቲ ሜትር አስተርፈሽ ቁረጪ፣ በ10ሩ ውስጥ አሳልፈሽ ሳቢው። በቀረው ክር ጎኑን ስፊ።

ከዘጌ፦ አንድ ዓይን አምልጦ እስከ ታች ተተረተረ። ልፍታው?

ኧረ አትፍታው! መጀመሪያ ያመለጠውን ዓይን በመርፌ ቁልፍ ያዘው። ከዚያ ኪሮሽ (ጫፉ ቆልመም ያለ መርፌ) ከፊት በኩል አስገባና ከላዩ እንደ መሰላል የተጋደመውን ክር በዓይኑ ውስጥ ስበህ አውጣ፤ ቀጣዩንም እንዲሁ፤ እስከ መርፌው ድረስ።

እዚያው ከዘጌ፦ ከበጎቻችን ጸጉር ክር ማውጣት ይቻላል?

በጎቹ የጎጃም ዋሸራ ከሆኑ ጸጉራቸው አጭር ነው፣ አይፈተልም። ባና የሚሠራው ጸጉሩ ከሚረዝም እንደ መንዝ ካለ በግ ነው፤ እሱም ይሻክራል፣ ለሕፃን አይሆንም።

ከፋሲሎ፦ ዳርና ዳሩ ይጠቀለላል፤ ብተኩሰውስ?

አክሪሊክን መተኮስ ይገድለዋል፤ ይልፈሰፈሳል፣ ተመልሶም አይነሳም። አንዱ ረድፍ በፊት ሌላው በጀርባ ሲሠራ የሁለቱ ገጽ ውጥረት ስለሚለያይ መጠቅለሉ ባሕርይው ነው። በሚቀጥለው ሥራሽ ዳርና ዳር 5፣ 5 ዓይን በሁለቱም ገጽ በፊት ዓይን ብቻ ሥሪ።

ከአባይ ማዶ፦ አጥቤ ሰቅዬው ቁመቱ ረዘመ። ክረምት ሲገባስ እንዴት ላስቀምጠው?

እርጥብ ሹራብ በራሱ ክብደት ይወርዳል። በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ፣ ሳትጠመዝዢ በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው፣ ጥላ ውስጥ አንጥፈሽ አድርቂው። ሱፍ ከሆነ ሙቅ ውሃና መፈተግ ያኮማትረዋል፤ የተኮማተረ ደግሞ አይመለስም። ለክረምት በፌስታል ቋጥረሽ አታስቀምጪ፤ በሐይቁ ዳር እርጥበት ይሻግታል። በደንብ ደርቆ በጥጥ ከረጢት ይቀመጥ። ብል የሚበላው ሱፍን ስለሆነ የሱፉን ለብቻው አድርገሽ በፀሐያማ ቀን አውጥተሽ አራግፊው።