ቆሞ የከረመ ትራክተርን ስለ ማስነሳት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ለዓመታት ሥራ ፈትተው የቆሙ ትራክተሮችን የሚመለከቱ ስለሆኑ የዛሬው ዓምድ ለእነርሱ ብቻ ተሰጥቷል።

ጥያቄ፦ አባቴ ያርሱበት የነበረው ማሲ ፈርጉሰን 135 ለበርካታ ዓመታት ደጅ ቆሟል። አዲስ ባትሪ ገጥመን ቁልፉን ስናዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) «ጠቅ» ብሎ ይቀራል። ጎረቤቶቻችን በሌላ ትራክተር ጎትታችሁ አስነሱት ይሉናል። ምን ይሻላል? (ከኢተያ)

መልስ፦ እባክዎ አያስጎትቱት። ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ መቅረቱ ብቻውን ሞተሩ ተጣብቋል አያሰኝም፤ የዛገ ወይም የላላ የባትሪ ገመድም ይህንኑ ያመጣል። ስለዚህ አስቀድመው የገመዶቹን ጫፎች፣ በተለይም ከትራክተሩ አካል ጋር የሚታሰረውን፣ በብረት ብሩሽ አጽድተው ያጥብቁ። ለውጥ ከሌለ ባትሪውን ይፍቱ፣ ማርሹን ፎሌ (ነፃ) ያድርጉና ከሞተሩ ፊት ለፊት ያለውን የፑሊ ዳዶ በረጅም መፍቻ በእጅ ለማዞር ይሞክሩ። ንቅንቅ ካላለ በእርግጥ ተጣብቋል ማለት ነው። ጭስ ማውጫው ወደ ላይ የቆመና ክዳን የሌለው ከሆነ፣ የክረምቱ ዝናብ ክፍት በቀረው ቫልቭ በኩል ወደ ሲሊንደር ገብቶ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት አያይዞታል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

የዚህ ትራክተር ፐርኪንስ ሞተር ሦስት ሲሊንደር ስላለው ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን ሦስቱንም ኢንጀክተሮች አውልቀው ናፍጣና ቀጭን ዘይት የተቀላቀለበትን በየቀዳዳው ይጨምሩና ለብዙ ቀናት ይተዉት፤ ሲጎድል ይሙሉት። ከዚያ ዳዶውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በትንሽ በትንሹ ያወዛውዙት እንጂ በአንድ አቅጣጫ አያስጨንቁት። ተላቆ መዞር ሲጀምር ኢንጀክተሮቹን ለመመለስ አይቸኩሉ፤ ፈሳሽ እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ ሲሊንደር ውስጥ የቀረው ዘይት ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ ሊያጣምም ይችላል። ሰው ከቀዳዳዎቹ ዞር ብሎ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዙርና ፈሳሹ ተረጭቶ ይውጣ። ማስጎተትን አጥብቄ የምቃወመውም ለዚህ ነው፦ የጎታቹ ጉልበት በሙሉ በተጣበቀው ፋሻ ላይ ስለሚያርፍ፣ በትዕግሥት ሊላቀቅ ይችል የነበረ ሞተር ፋሻው ተሰብሮና የሲሊንደሩ ግድግዳ ተፍቆ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል።

አንድ ነገር ይቀራል። የሞተሩን ዘይት ሳይቀይሩ አያስነሱት። የታችኛውን ብሎን ሲፈቱ ውሃ ቀድሞ ከወረደ ወይም ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ውሃው ከዝናብ ይሁን ከተበላ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ካለው ማሸጊያ) ሳይለይ ሥራው መቀጠል የለበትም።

ጥያቄ፦ ቤላሩስ 80 ትራክተሬ ሞተሩ በደንብ ይዞራል፤ ነገር ግን አይነሳም፤ ጭስም አያወጣም። ፖምፓው (ናፍጣውን ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚገፋው) ሞቷል ተብያለሁ። (ከባሌ)

መልስ፦ ፖምፓው ላይ ከመፍረድዎ በፊት ማጥፊያውን ይመልከቱ። ለብዙ ጊዜ በቆመ ትራክተር ላይ የናፍጣ መዝጊያው እንደተዘጋ ዝጎ ሊቀር ይችላል። እርሱ ደህና ከሆነ ጭስ አለመኖሩ የሚነግረን ናፍጣው ሲሊንደር ጋ አለመድረሱን ነው። ታንከሩን እስከ ዝቃጩ አፍስሰው ያጽዱ፣ ፊልትሮ ይቀይሩ፣ ከዚያም በእጅ መግፊያዋ ፓምፕ እየገፉ መጀመሪያ ከፊልትሮው፣ ቀጥሎ ከፖምፓው አየሩን ያስወጡ፤ አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ናፍጣ ሲፈስ ብሎኑን ይዝጉ። በመጨረሻ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች ዳዶ ትንሽ አላልተው ሞተሩን ያዙሩ። ናፍጣ እስከ ፖምፓው ደርሶ ከፖምፓው ካልወጣ፣ ወደ ፖምፓ መሞከሪያ ቤት ይውሰዱት እንጂ አቧራ ባለበት ሜዳ አይፍቱት።

ኢንጀክተር የሚረጨውን ናፍጣ በእጅ መዳፍ የሚፈትኑ ሰዎች አሉ። ይህ እጅ የሚያሳጣ ልማድ ነው። ናፍጣው ከ150 ባር በሚበልጥ ግፊት ስለሚወጣ ቆዳን ሰንጥቆ ይገባል፤ ከውጭ የሚታየው ቀዳዳ የመርፌ ያህል ቢሆንም ውስጡ ይበላሻልና የተወጋ ሰው ሳያመው እንኳ ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ጥያቄ፦ አሮጌ ትራክተር ገዝቼ ላድስ አስቤያለሁ። ማሲ ይሻላል ወይስ ቤላሩስ? (ከሻሸመኔ)

መልስ፦ መለዋወጫው በአቅራቢያዎ ከተማ የሚሸጠው፣ ባለሙያውም እዚያው የሚገኘው ይሻላል። የሞተሩ ብሎክ ወይም የካምቢዮው ቤት የተሰነጠቀ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት። ሞተሩ ሳይሰማ ቀለሙ የታደሰ ትራክተርም አይግዙ፤ ስንጥቅና የዘይት ልክስክስ ከቀለም ሥር ይሸሸጋልና።

ጥያቄ፦ ያደስነው ትራክተር በቁልፍ አይነሳም። ልጄ መሬት ላይ ቆሞ በካቻቪቴ ሞተሪኖውን እያገናኘ ያስነሳዋል። ጉዳት አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አለው፤ ከዛሬ ጀምሮ ያስቁሙት። በካቻቪቴ ሲነካካ መቀመጫ ላይ ማንም የለም፣ ፍሪሲዮን የረገጠም የለም፤ ማርሽ ገብቶ ከሆነ ትራክተሩ ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ልጅዎ የቆመውም ከትልቁ የኋላ ጎማ ፊት ነው። ብዙ ትራክተሮች ማርሽ ውስጥ ሳሉ እንዳይነሱ የሚከለክል ማብሪያ አላቸው፤ በካቻቪቴ ሲገናኝ ግን ይህ መከላከያ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ብልሽቱ ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ገመድ፣ የተበላሸ ቁልፍ ወይም ይኸው ማብሪያ ስለሆነ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን በአጭር ጊዜ ሊያገኘው ይችላል። እስኪጠገን ድረስ የባትሪውን ገመድ ፈትተው ያስቀምጡ።