መንገዱ የማን ነው? ስለ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንገድ ሥራዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በሜሪላንድ ግዛት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የምንኖር ሰዎች ጠዋት ከቤት ስንወጣ «ዛሬ የትኛው መንገድ ተዘግቶ ይሆን?» ብለን መጠየቅ ከጀመርን ሰነባብተናል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙትም ስለ ጉድጓድ፣ ስለ ካሜራ ቅጣት፣ ስለ አውቶቡስ መስመርና መጨረሻው ስለራቀው የፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ የተጻፉ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ ከነመልሶቻቸው አቅርቤአለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በጆርጂያ አቬኑ ላይ ስላለ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ለማመልከት ስደውል «ይህ የካውንቲው መንገድ አይደለም» ተባልኩ። በካውንቲው ውስጥ ያለ መንገድ የካውንቲው ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? (ከዊተን)

መልስ፦ የተሰጠዎት መልስ ትክክል ነው፤ ሰው ቢያናድድም አልፈርድም። ጆርጂያ አቬኑ ቁጥር 97 የተሰጠው የግዛቱ መንገድ ስለሆነ አስፋልቱን የሚያነጥፈውም የሚጠግነውም የሜሪላንድ የአውራ ጎዳና አስተዳደር ነው። ኮልስቪል ሮድ (29)፣ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ (193)፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ (650)፣ ቪርስ ሚል ሮድ (586) እና ሮክቪል ፓይክ (355) እንደዚሁ በግዛቱ እጅ ያሉ ሲሆኑ፣ ፌንተን ስትሪትን፣ ቦኒፋንት ስትሪትንና አብዛኛዎቹን የሠፈር ውስጥ መንገዶች የሚጠግነው ካውንቲው ነው። ሮክቪል፣ ጌይተርስበርግና ታኮማ ፓርክ ደግሞ የራሳቸው የከተማ አስተዳደር ስላላቸው የውስጥ መንገዶቻቸውን ራሳቸው ይይዛሉ። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው፣ በግዛቱ መንገዶች ላይ እንኳ የትራፊክ መብራቶቹን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚከታተለው ካውንቲው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ጉድጓዱ የአንዱ፣ መብራቱ የሌላው ኃላፊነት ሊሆን ይችላል። በጥቅሉ ግን በመንገዱ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ካዩ የግዛቱ ነው ብለው ቢገምቱ ብዙም አይሳሳቱም።

የማን እንደሆነ ካላወቁ ወደ ካውንቲው የአገልግሎት ስልክ 311 ይደውሉ። እንግሊዝኛ ካስቸገረዎት «አማርኛ» ብለው አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው። ጉዳዩ የግዛቱ ከሆነ ወደሚመለከተው ክፍል እንዲመሩዎት ይጠይቁ፤ የማመልከቻ ቁጥርም ሳይቀበሉ ስልኩን አይዝጉ። ከሁሉም በላይ ቦታውን በትክክል ይንገሩ። ጆርጂያ አቬኑ ከዋሽንግተን ድንበር ተነሥቶ እስከ ካውንቲው ሰሜናዊ ጫፍ የሚዘልቅ መንገድ ስለሆነ «ጆርጂያ ላይ ጉድጓድ አለ» የሚል ማመልከቻ ለጠጋኙ ሠራተኛ ምንም አይነግረውም። «በጆርጂያ አቬኑ ወደ ሰሜን ሲሄዱ፣ ከሪዲ ድራይቭ መብራት አለፍ ብሎ፣ በቀኙ ረድፍ» ቢሉት ግን መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ጎማዬ ፈነዳ፤ ቸርኬውም ተጣመመ። የሚከፍለኝ አለ? (የኡበር ሹፌር፣ ከብሪግስ ቼኒ)

መልስ፦ ሊኖር ይችላል፤ ቀላል ነው ብዬ ግን አላታልልዎትም። መንገዱ የካውንቲው ከሆነ ለካውንቲው፣ የግዛቱ ከሆነ ለግዛቱ ግምጃ ቤት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። ክርክሩ የሚያተኩረው የመንገዱ ባለቤት ስለ ጉድጓዱ አስቀድሞ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም በሚለው ላይ ነው፤ ያልተነገረውን ጉድጓድ ባለመድፈኑ ጥፋተኛ ማድረግ ይከብዳል። ከላይ የማመልከቻ ቁጥር ተቀበሉ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው፤ ዛሬ አንዱ ሰው የሚያስመዘግበው ጥቆማ ነገ ለሌላው ማስረጃ ይሆነዋል። የጉድጓዱን ፎቶ፣ የጋራዡን ደረሰኝ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ምግብ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ መኪና ማቆሚያ አጥተው ከበር ይመለሳሉ። ይህ ፐርፕል ላይን የሚባለው ነገር መቼ ነው የሚያልቀው? (ከቦኒፋንት ስትሪት አካባቢ)

መልስ፦ እርስዎ ከማንም በላይ እንደሚያውቁት ሥራው የተጀመረው በ2017 ሲሆን ባቡሩ ሰው ማጓጓዝ ይጀምራል ተብሎ የነበረው በ2022 ነበር። በ2020 ዋናው ሥራ ተቋራጭ በዋጋ ጭማሪና በመዘግየት ክርክር ምክንያት ሥራውን ጥሎ ወጣ፤ አዲስ ተቋራጭ ተቀጥሮ ግንባታው በሙሉ ኃይል የቀጠለው በ2022 ነው። አሁን የተያዘው ቀጠሮ «ዊንተር 2027» የሚል ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህንን «ክረምት» ብለው ሲተረጉሙት ሰምቻለሁ፤ በእኛ ክረምት ሰኔና ሐምሌ ስለሆነ ብዙዎች ባቡሩ በ2027 አጋማሽ ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ። የተባለው ግን የብርዱ ወራት ነው፤ ማለትም የ2027 ማብቂያና የ2028 መግቢያ።

መስመሩ ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል ያህል የሚረዝም ሲሆን 21 ጣቢያዎች አሉት። የእርስዎን አካባቢ የሚለየው ባቡሩ ከሜትሮው ጣቢያ ከፍታ ወርዶ በቦኒፋንት ስትሪት ላይ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ጆርጂያ አቬኑን እንደ ማንኛውም ተሽከርካሪ በመብራት የሚያቋርጥ፣ ከዚያም በቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃ ሥር አልፎ በዌይን አቬኑ ላይ ከመኪኖች ጋር ረድፍ የሚጋራ መሆኑ ነው። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር የሚያስታውሱ አንባቢዎች ሐዲዱ በአጥር ተከልሎ እግረኛው ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ እንደነበር ያውቃሉ። በቦኒፋንት እንዲህ ያለ አጥር የለም፤ ደንበኛዎ ከባቡሩ ወርዶ ጥቂት ርምጃ እንደሄደ በርዎ ላይ ይደርሳል። ይህ ለንግድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ባቡሩ ረጅምና ከባድ ነው፣ መሪ አዙሮም ሰው አያልፍም፤ ስለዚህ ከመክፈቻው በፊት ሙከራው ወደ ሠፈራችሁ ሲደርስ ሠራተኞችዎ በሐዲዱ ላይ ዕቃ ማውረድ እንደማይችሉ ከአሁኑ ይንገሯቸው።

እስከዚያ ድረስ ግን ኪራይ አይጠብቅም። የየወሩን ሽያጭ ግንባታው ካልነበረበት ዓመት ጋር አስተያይተው ይመዝግቡ፤ መግቢያዎ በተዘጋ ቁጥር ቀኑ የሚታይበት ፎቶ ያንሡ። የድጋፍ ገንዘብ በተመደበ ጊዜ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ሰነድ ነው፤ ብዙ የእኛ ሰዎች የሚሸነፉትም ጉዳት ሳይደርስባቸው ቀርቶ ሳይሆን ወረቀት ስለሌላቸው ነው።

ጥያቄ፦ በቪርስ ሚል ሮድ ላይ ሁልጊዜ የጠፋ፣ አንዳንዴ ብቻ የሚበራ የትራፊክ መብራት አለ። ቀዩ ብልጭ ድርግም ሲል ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግራ ይገባኛል፤ ብቆም ከኋላዬ ያሉት ጥሩምባ ይነፉብኛል፣ ብሄድ እፈራለሁ። (ከአስፐን ሂል)

መልስ፦ ይህ «ሃውክ» የሚባለው የእግረኛ መብራት ነው፤ በካውንቲው ውስጥ እየበዛ ስለሆነ ጠንቅቆ ማወቁ ይጠቅማል። ከተራው መብራት የሚለየው በቅርጹ ነው፦ ከላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀይ፣ ከሥራቸው አንድ ቢጫ። ማንም እግረኛ ካልጠራው ሦስቱም የጠፉ ናቸው፤ ያን ጊዜ ዝም ብለው ይለፉ። (ተራ የትራፊክ መብራት ኤሌክትሪክ ጠፍቶበት ካገኙት ግን በሜሪላንድ ሕግ ቆመው ነው የሚያልፉት፤ ሁለቱን አያምታቱ።) እግረኛ ቁልፉን ሲጫን መጀመሪያ ቢጫው ብልጭ ድርግም ይላል፣ ቀጥሎ ቢጫው ሳይቆራረጥ ይበራል፤ ይህ ለመቆም ይዘጋጁ ማለት ነው። ሁለቱ ቀዮች አንድ ላይ ሲበሩ ምንም ክርክር የለውም፤ ይቆማሉ። ቀዮቹ እየተፈራረቁ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምሩ ደግሞ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንዳለ የ«ስቶፕ» ምልክት ይቁጠሩት፦ ሙሉ በሙሉ ይቆማሉ፣ በዜብራው ላይ ሰው አለመኖሩን ያያሉ፣ ከሌለ ይሄዳሉ። ከፊትዎ የነበረው መኪና ቆሞ ስለሄደ እርስዎ ተከትለው መሄድ አይችሉም፤ እርስዎም በተራዎ መቆም አለብዎት። ሰው ገና እየተሻገረ ከሆነ ግን ጥሩምባው ሺህ ጊዜ ቢነፋ አይንቀሳቀሱ።

ቪርስ ሚል የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። የማቲው ሄንሰን የእግርና የብስክሌት መንገድ ቪርስ ሚልን በሚያቋርጥበት ቦታ በ2015 እና በ2016 ሁለት ብስክሌት ነጂዎች በመኪና ተገጭተው ሞተዋል። ካውንቲው በ2030 በመንገድ አደጋ የሚሞት ሰው እንዳይኖር የሚል ግብ የያዘውም በእነዚያው ዓመታት ነው።

ጥያቄ፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከሥራ ስመለስ የመንገድ ሥራ ባለበት ቦታ ካሜራ አነሣኝ። አንድም ሠራተኛ አልነበረም። ይህ ፍትሕ ነው? (የሆስፒታል ሠራተኛ፣ ከጀርመንታውን)

መልስ፦ ሠራተኛ ባይኖርም ካሜራው ይሠራል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው። መንገዱ በሌሊት ጠቦ፣ ረድፉ ተጣሞ፣ ዳሩ በኮንክሪት ታጥሮ ስለሚያድር ለራስዎም አደገኛ ነው። ካሜራው የሚቀጣው ከተፈቀደው ፍጥነት ቢያንስ 12 ማይል በልጦ የተገኘን ነው። ቀድሞ ቅጣቱ ለሁሉም 40 ዶላር ነበር፤ ከጥር 2025 ጀምሮ ግን እንደ ፍጥነቱ መጠን ከ60 እስከ 500 ዶላር ሆኗል፣ ሠራተኞች በቦታው ካሉ ደግሞ በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ሠራተኛ አለመኖሩ ነፃ ባያወጣዎትም ሒሳቡን ይቀንሰዋል፤ በቲኬቱ ላይ እጥፍ ተጽፎ ካገኙ መከራከር ይችላሉ። በካሜራ የመጣ ቅጣት በመንጃ ፈቃድዎ ላይ ነጥብ አያስመዘግብም። ሕጉ የጠበቀው በመጋቢት 2023 በባልቲሞር ካውንቲ የቀለበት መንገድ ላይ፣ በኮንክሪት ግድግዳ ውስጥ ሆነው ይሠሩ የነበሩ 6 ሰዎች በፍጥነት በመጣ መኪና ከተገደሉ በኋላ ነው። እኔ በበኩሌ ይህንን ካወቅሁ ወዲህ ስለ ቅጣቱ መጠን ማማረር ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ በቪርስ ሚል ላይ ፈጣን አውቶቡስ ይመጣል ሲባል ሰማሁ። ለመኪና የቀረውን መንገድ ሊነጥቁን ነው? (ከዊተን)

መልስ፦ ከዊተን ሜትሮ ጣቢያ ወደ ሮክቪል የታቀደው የ«ፍላሽ» አውቶቡስ በአመዛኙ ያለውን መንገድ የሚጠቀም ነው። የሚገነቡት ጣቢያዎች፣ አውቶቡሱ በመስቀለኛ መንገድ ላይ ከተሰለፉት መኪኖች ቀድሞ የሚያልፍባቸው አጫጭር ረድፎችና የእግረኛ ማቋረጫዎች ናቸው። ከ2020 ጀምሮ በኮልስቪል ሮድ መስመር የሚሠራውን ሰማያዊውን ፍላሽ ተሳፍረው ቢያዩት ሐሳቡ ይገባዎታል፤ ከሰኔ 2025 መጨረሻ ወዲህ የካውንቲው አውቶቡሶች ያለ ክፍያ ስለሚያጓጉዙ መሞከሩ ምንም አያስወጣዎትም።

ጥያቄ፦ እናቴ 78 ዓመታቸው ነው፤ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የእግረኛው መንገድ ለግንባታ ስለተዘጋ በዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ የመኪና መንገድ ዳር ለመሄድ ተገደዋል። (ከሎንግ ብራንች)

መልስ፦ ይህ መሆን የለበትም። የእግረኛ መንገድ ለረጅም ጊዜ የሚዘጋ ተቋራጭ አስተማማኝ ተለዋጭ መተላለፊያ ማዘጋጀት አለበት፤ «የእግረኛ መንገድ ተዘግቷል» የሚል ሰሌዳ አቁሞ መሄድ አይበቃም። ዛሬውኑ 311 ደውለው እናትዎ በዕድሜ የገፉ መሆናቸውን ጭምር ያስመዝግቡ፤ ዊልቸር ወይም ምርኩዝ የሚጠቀሙ ከሆነ ይህንንም ይጥቀሱ፤ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ስላለ ጉዳዩ ሌላ ክብደት ያገኛል። እስኪስተካከል ግን እናትዎን የሚያደርስ ሰው ቢፈልጉ ይሻላል፤ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ዳር ለእግር ጉዞ የሚመች ቦታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወደ ቨርጂኒያ የሚያሻግረው ድልድይ መቼ ይሰፋል? (ከፖቶማክ)

መልስ፦ ቅርብ አይደለም። የአሜሪካን ሌጅን ድልድይ በ1962 የተከፈተ ሲሆን፣ በክፍያ ረድፎች ሊያሰፋው የነበረው ኩባንያ በ2023 ከሥራው ወጥቷል። ግዛቱ ዕቅዱን ባይተወውም ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት የሚሻገሩ ከሆነ ልማድዎን አይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር ከተወሰነ በኋላ ነው የምንሰማው። ከመወሰኑ በፊት የምንናገርበት ቦታ የለም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አለ፤ መንገዱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን እዚህም ይከተለናል። ለካውንቲው መንገዶች ወሳኙ የስድስት ዓመቱ የግንባታ በጀት ነው። ሙሉ በሙሉ የሚዘጋጀው ቁጥራቸው ለሁለት እኩል በሚካፈል ዓመታት ሲሆን የካውንቲው አስተዳዳሪ በጥር አጋማሽ ያቀርበዋል፣ ምክር ቤቱ በየካቲት አካባቢ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ በግንቦት መጨረሻ ያጸድቀዋል። ለግዛቱ መንገዶች ደግሞ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች በየዓመቱ በመጸው ወራት ወደየካውንቲው መጥተው የቀጣዮቹን ዓመታት ዕቅድ ያቀርባሉ። በምክር ቤቱ ፊት የሚናገር ሰው አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ አስተርጓሚ ከፈለጉ ሲመዘገቡ ይጠይቁ፣ የሚናገሩለትንም መንገድ ከነመስቀለኛው ስም ጽፈው ይሂዱ።