መልስ፦ የእናቴን ስኳር ከዱባይ ሆኜ በስልክ መከታተል እችላለሁ?

እህቴ፣ እናትሽ ደሴ፣ አንቺ ዱባይ ሆነሽ ስኳራቸውን በስልክ መከታተል ይቻላል ወይ ብለሻል። ይቻላል። እኔም አባዬን የምከታተለው እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ የስኳር መለኪያና በቂ ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ) ይኑራቸው። ስትሪፑ ቶሎ ያልቃል፣ እሱን አስቢበት። አባዬ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ይለካል። ታናሽ ወንድሜ የመለኪያውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። ቀኑንና ቁጥሩን እመዘግባለሁ፤ ቀጠሮ ሲደርስ ሐኪሙ ያየዋል። ለብዙ አዋቂዎች በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 (በmg/dL) ጥሩ ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ ግን ሐኪሙ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ከ70 በታች ከወረደ የአንቺን ስልክ አይጠብቁ። ወዲያው ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ይህን ለጎረቤትም ንገሪ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጣቸው፤ በፍጥነት ሐኪም ቤት ይወሰዱ።

የመድኃኒቱን መጠን በስልክ አትቀይሪ፣ እሱ የሐኪማቸው ነው። ደግሞ ስትደውዪ በቁጥሩ አትጀምሪ። አባዬን እንደ ፈተና ውጤት ስጠይቀው መደበቅ ጀምሮ ነበር። አሁን መጀመሪያ እንቅልፉን፣ ከዚያ እግሩ ላይ ቁስል እንዳለ እጠይቀዋለሁ። ቁጥሩን ራሱ ይነግረኛል።