ኸሊፍ፣ ሴመንያ እና የሆጤ ወሬ

ትራንስጀንደር አትሌቶች (ወንድ ሆነው ተወልደው በሴትነት የሚኖሩ) በሴቶች ውድድር ይግቡ ወይስ አይግቡ? ክርክሩ ደሴ ሻይ ቤት ድረስ ደርሷል። ስድብ ያለባቸውን ጥያቄዎች ትቼ የቀሩትን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

*ከደሴ፣ ሆጤ፦ በፓሪስ በሴቶች ቦክስ ወርቅ የወሰደው ወንድ ነው አይደል? ከጓደኞቼ ጋር ተወራርደናል።*

ብር አስይዘህ ከሆነ ተበልተሃል። አልጄሪያዊቷ ኢማን ኸሊፍ ሴት ሆና ተወልዳ ሴት ሆና ያደገች ናት። በ2024 በ66 ኪሎ ወርቅ ወሰደች። ትራንስጀንደር አይደለችም። ወሬው የተነሳው አንድ የቦክስ ማኅበር በ2023 "የፆታ ምርመራ አላለፈችም" ብሎ ከዓለም ሻምፒዮና ስላስወጣት ነው። የኦሊምፒክ ኮሚቴው ያንን ምርመራ አልተቀበለውም።

*ከኮምቦልቻ፦ ታዲያ ትራንስጀንደር ሴት ኦሊምፒክ ላይ ታይታ ታውቃለች?*

አዎ። የኒውዚላንዷ ክብደት አንሺ ላውረል ሃባርድ በ2021 ቶኪዮ ላይ ተወዳድራለች። ሦስቱንም ሙከራ ሳይሳካላት ወጣች። ነገሩን ያጋጋለችው ግን አሜሪካዊቷ ዋናተኛ ሊያ ቶማስ ናት። በመጋቢት 2022 የኮሌጅ ሻምፒዮና አሸነፈች። በሰኔ የዓለም ዋና ፌዴሬሽን የወንድ ጉርምስናን ላለፉ የሴቶችን ውድድር በር ዘጋ። የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽንም በ2023 ተከተለ።

*ከወልዲያ፣ የስፖርት መምህር፦ በሆርሞን መድኃኒት ጉልበት ይቀንሳል ይባላል። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?*

ይቀንሳል፣ ግን እኩል አይደለም። ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በወራት ውስጥ ይወርዳል። ጡንቻ ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው፤ ከዓመት በኋላም የሚቀር አለ። ቁመትና የአጥንት ርዝመት ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም።

በ10 ሺህ ሜትር የኡጋንዳው ቼፕቴጌይ የወንዶች ክብረ ወሰን 26:11.00 ነው፤ የኬንያዋ ቢያትሪስ ቼቤት የሴቶቹ 28:54.14። ሁለቱ አብረው ቢሮጡ እሱ ከሁለት ዙር በላይ ይደርብባታል። የሴቶች ውድድር ለብቻው የተሠራው ለዚህ ነው። እርግጥ ነው፣ በሌላ ወገን ያሉት "በሠለጠኑ ትራንስጀንደር አትሌቶች ላይ የተሠራው ጥናት ጥቂት ነው" ይላሉ፤ ይሄም እውነት ነው። እኔ ግን ሜዳሊያና እንጀራ ባለበት ደረጃ የአትሌቲክሱ ደንብ ልክ ነው ባይ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ለጤናው ጦሳ ተራራን የሚወጣ ሰው ላይ ግን ደንብ ምን ያደርጋል?

*ከሐይቅ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ ሯጭ ናት። ድምፅዋ ወፈር ያለ ነው፣ ጡንቻዋም ይታያል። "ወንድ ናት" እያሉ ያስለቅሷታል።*

አብሽሪ እህቴ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ለእኛ ቅርቡ ያንቺ ነው። ምሥራቅ አፍሪካን የነካው የትራንስጀንደር ደንብ ሳይሆን ሌላው ነው፤ ቴስቶስትሮን (የወንዴ ሆርሞን) በተፈጥሮ የሚበዛባቸውን ሴቶች የሚመለከተው። በ2016 ሪዮ በ800 ሜትር ሜዳሊያ የወሰዱት የደቡብ አፍሪካዋ ሴመንያ፣ የቡሩንዲዋ ኒዮንሳባ እና የኬንያዋ ዋምቡይ ሴት ሆነው ተወልደው ያደጉ ናቸው። ሰውነታቸው ግን ቴስቶስትሮን በብዛት ያመርታል። በኋላ ሦስቱም በዚህ ደንብ ምክንያት ከርቀታቸው ወጡ። 

ከመስከረም 2025 ጀምሮ በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በሴቶች የምትወዳደር ሁሉ አንድ ጊዜ የዘረመል (ጂን) ምርመራ ታደርጋለች። ናሙናው ከጉንጭ ውስጥ ወይም ከደም ይወሰዳል። ድምፅና ጡንቻ አይታይም። ልጅሽ እዚያ ደረጃ እስክትደርስ ድረስ የሜዳ ተመልካች ፈራጅ አይደለም፤ አሠልጣኟን ይህን ወሬ እንዲያስቆም ጠይቂው። ምርመራም ከመጣ ውጤቱ በምስጢር ይያዝ በሉ። ስፔናዊቷ የመሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ በ1985 ምርመራው ጣላት፤ ውጤቱም ጋዜጣ ላይ ወጣ። ቴስቶስትሮን በሰውነቷ ላይ ምንም እንደማይሠራ ተረጋግጦ በ1988 እንድትወዳደር ተፈቀደላት። ምርጥ ዓመቶቿን ግን ማን ይመልስላታል?

*ከላሊበላ፦ የፈጣሪን ሥራ ማን ይቀይራል? ይህን ለምን ትጽፋለህ?*

ሃይማኖቱን ለቄሱና ለሼኩ ትቻለሁ። እኔ የስፖርት ዓምደኛ ነኝ።

*ከመርሳ፦ በእኛ አገር ውድድር ትልቁ ማጭበርበር ይሄ ነው?*

ኧረ የለም! ዕድሜ ነው። "ከ20 ዓመት በታች" ተብለው የሚሰለፉትን አይተህ ሳቅ ካልመጣህ ጥሩ ሰው ነህ። ስለሱ የምታውቁትን ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ዓምድ እመለስበታለሁ።