ቅንጣቷን ከመልቀቃችሁ በፊት

ልጆች፣ በፍሉድ ሲሙሌሽን፣ ማለትም የአየርና የፈሳሽን ፍሰት በኮምፒውተር በማስላት ሥራ፣ ፀጉሬ ሸብቷል። አሁንም የሚያስደነግጠኝ ግን የላግራንዥያን ቅንጣት (በፍሰቱ ውስጥ መንገዷን እየተከታተልን የምናሰላት ጠብታ ወይም ብናኝ) ስትጨምሩ ያላችሁ ችኮላ ነው። ሜሽ፣ ማለትም ፍሰቱ የሚሰላበትን የትንንሽ ክፍልፋዮች መረብ፣ ለማሳመር ሳምንት የፈጀ ሰው፣ የቅንጣቷን መረጃ በሁለት ደቂቃ ሞልቶ ያስነሳዋል።

እኔም እንደዛው ነበርኩ። አንዴ ባለ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) የውሃ ጠብታ ልረጭ ብዬ፣ ዲያሜትር በሚለው ቦታ ሬዲየሱን ጻፍኩ። 25። ሶፍትዌሩ ምንም አላለኝም። ምን ይበለኝ? ሥዕሉ እንዴት ያምር ነበር! ጠብታዎቹ አየሩን ተከትለው በየማዕዘኑ እጥፍ ይላሉ። ግድግዳ የሚነካ የለም ማለት ይቻላል። ደስ ብሎኝ ሪፖርት ጻፍኩ። ጉዱ የወጣው በሙከራው ቀን፣ ደረቅ ይሆናል ያልኩት ግድግዳ ውሃ ሲያንጠባጥብ ነው።

ጠብታ የአየሩን ፍጥነት ለመያዝ የምትፈጀው ጊዜ በዲያሜትሯ ስኩዌር ይጨምራል። ባለ 50 ማይክሮኗ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ትፈልጋለች፤ ባለ 25ቷ 2 ብቻ። አየሩ በ4 ሚሊሰከንድ ከታጠፈ ትንሿ አብራው ትታጠፋለች። ትልቋ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ትላተማለች። የውሃውን ሚዛን ብታዩም አትነቁም፤ የእያንዳንዷ ክብደት በ8 እጥፍ ሲያንስ ሶፍትዌሩ ቁጥራቸውን በ8 አባዝቶ ሒሳቡን ያቻችለዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ያዙ። የቅንጣቷን እፍጋት በዲያሜትሯ ስኩዌር አባዙ፤ ያን ለአየሩ ቪስኮሲቲ (ለዝልግልግነቱ መጠን) 18 እጥፍ አካፍሉት። ለደቃቅ ቅንጣት ይህ ይበቃል። የወጣውን ጊዜ አየሩ ከሚታጠፍበት ጊዜ ጋር አስተያዩ። የሁለቱ ሬሾ የስቶክስ ቁጥር ነው፤ ከ1 በጣም ካነሰ ቅንጣቷ ትከተላለች፣ በጣም ከበለጠ አየሩን ከቁብ አትቆጥረውም።

ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጥብ ብዙ ጊዜ አንድ ጠብታ አይደለችም። 1 ግራም ውሃ ባለ 50 ማይክሮን ጠብታ ሆኖ ሲበተን 15 ሚሊዮን ገደማ ይወጣዋል። ያን ሁሉ ማን ይከታተላል? ተመሳሳዮቹ ፓርሰል ተብለው በአንድ ይታሰራሉ። የአየሩ ጉተታ የሚሰላው በአንዷ ዲያሜትር ነው፤ ወደ አየሩ የሚመለሰው ግፊት ግን የሁሉም ድምር ነው። ፓርሰሉን እንደ አንድ ትልቅ ጠብታ ያየ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።

ግድግዳ ላይ ምን እንደምትሆንም ራሳችሁ ወስኑ፤ ትጣበቅ፣ ትንጠር ወይስ ትጥፋ?

ዋናውን ሥራ ከማስነሳታችሁ በፊት አንዲት ጠብታ ብቻ ፀጥ ባለ አየር ውስጥ ልቀቁ። ባለ 50 ማይክሮኗ በሰከንድ 7 ሴንቲሜትር ገደማ መውረድ አለባት። ያኔ የኔዋን ለቅቄያት ቢሆን ኖሮ 2 ሴንቲሜትር እንኳ አትሞላም ነበር።