አጃቢዋን አታስወጧት፤ ለወጣት ሚድዋይፎች

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ሚድዋይፍ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ሥራ ከጀመረች ገና ብዙ አልቆየችም። «ሲስተር፣ የእናቲቱን ቤተሰብ ማዋለጃ ክፍል አስገቡ የምትሉን ለምንድን ነው?» አለችኝ። «ክፍሉ ጠባብ ነው። ያለቅሳሉ፣ ይጨቀጭቁናል። ሥራ ነው የሚያስፈቱን።»

የመመሪያ መልስ ሰጠኋት። የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ ወላድ የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆን ይመክራል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። እንዳላሳመንኳት ግን ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልነግራት የሚገባኝ ሌላ ነገር ነበር። እዚህ ልጻፈው፤ እሷም ታንብበው፣ እናንተም።

ነገሩ የሆነው በ1980ዎቹ አጋማሽ ወሎ ውስጥ ነው። ከደሴ በስተደቡብ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። ያን ጊዜ ለገጠር ሴት አምቡላንስ የሚባል ነገር አይታሰብም። ወላድ የምትመጣው በቃሬዛ ነው። የምትመጣውም ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ በጤና ተቋም የወለዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ። እኔ የማወራችሁ ከዚያም ስለቀደመ ጊዜ ነው።

ሐምሌ ነበር። የቅሬው ሰዎች አንዲት ወላድ በቃሬዛ ተፈራርቀው ተሸክመው አመጡ። ቅሬ ማለት ወሎ ውስጥ እድር ማለት ነው። ግማሾቹ «ያ አላህ» ይላሉ፣ ግማሾቹ «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ወሎን የምታውቁ ይህ አይደንቃችሁም። እኔ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነበርኩና በጣም ነው የደነቀኝ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነዋል። ቁጭ በሉ ቢባሉም እምቢ ብለው ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁ።

ሴትዮዋ ሦስተኛ ልጇን ነው የምትወልደው። ምጡ ረዝሞባታል። አብረዋት የመጡት አማቷ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ እናት ነበሩ። ማዋለጃው በር ላይ ሲደርሱ ተከለከሉ። ደንቡ ቤተሰብ ውጭ ይጠብቅ ነው የሚለው። ያን ደንብ ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

አመሻሹ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ሲወጣ አላለቀሰም። ዝልፍልፍ ብሏል፣ ቀለሙም ሰማያዊ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። አደረቅነው፣ ጀርባውን አሸነው፣ አየር ሰጠነው። ትንሽ ቆይቶ አለቀሰ። እንግዴ ልጁም ሙሉ ሆኖ ወጥቶ ነበር። ደስ አለን። ለእናቲቱ ጋቢ ደረብንላት፤ ዐይኗን ጨፈነች። «ደክሟታል፣ ትተኛ» ተባለ።

አማትየዋ አጥሚት ይዘው ለአንድ አፍታ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ያኔ ነው። አጥሚቱን አስቀመጡ። ልጁን ቀና ብለው አላዩትም። የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አድርገው የምራታቸውን እግር ያዙ። ቀጥለው ግንባሯን ዳሰሱ። «ይቺ ልጅ ደህና አይደለችም» አሉ። «እግሯ በርዷል። ስጠራት አትመልስልኝም። የፊተኞቹን ስትወልድ እንዲህ አልሆነችም፤ ወዲያው ውሃ ስጡኝ ነበር የምትለው።»

ኃላፊው «ደክሟት ነው እናቴ። እኛ እናውቃለን፤ ውጭ ይጠብቁ» አላቸው። ወጡ። በር ላይ ሆነው ደግመው ተናገሩ። ቆይተው እንደገና ተናገሩ። የሰማቸው የለም። እኔ ከሁሉም ታናሽ ነበርኩ። ኃላፊ ባለበት ቃል የሚወጣኝ አልነበርኩም።

በኋላ ጋቢው ሲገለጥ ፍራሹ በደም ርሷል። ፍራሹ ጥቁር ላስቲክ ነው። በፋኖስ ብርሃን ጥቁር ላስቲክ ላይ ደም አይታይም። ሆዷን ስንነካው ማህፀኗ እንደ ሊጥ ላልቷል፤ ያልጠነከረ ማህፀን ደሙን አያቆምም። አሸነው፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን ኤርጎሜትሪን ወጋናት፣ ጉሉኮስ ሰቀልንላት። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ደም የሚሰጠው ደሴ ነው። የጤና ጣቢያው መኪና ደግሞ ለስብሰባ ሄዷል። የቅሬው ሰዎች በጨለማ ሄደው የአንድ የእህል መኪና ሹፌር ቀሰቀሱ። ሹፌሩ ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አላነሳም። ጆንያውን አራግፎ መጣ። ከኋላ ወላዷን አስተኛናት። ባሏ ጉሉኮሱን ከፍ አድርጎ ይዟል። መንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶ እስኪጎድል ቆምን። ደሴ ሳንደርስ አረፈች።

ልጁ ተርፏል። ያተረፉትም አማትየዋ ናቸው። መኪናው ላይ ስንወጣ ልጁን ከተጠቀለለበት ጨርቅ አወጡት። ቀሚሳቸውን ከአንገታቸው ፈታ አድርገው ራቁቱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት፤ ከላይ ጋቢ ደረቡ። በዚያ ዝናብና ብርድ ልጁን ስነካው ሞቆታል። እኛ የተማርነው ጠቅልሎ ማስተኛት ነበር። ዛሬ እናንተ ይህንኑ የካንጋሮ እንክብካቤ ትሉታላችሁ። ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ማሞቂያ ያጠራቸው ሐኪሞች የጀመሩት ነው። አማትየዋ ግን ከማንም ሐኪም አልሰሙትም።

ደሴ ስንደርስ አልወቀሱኝም። የጠየቁኝ የላም ወተት በስንት ውሃ እንደሚቀጥን ነው። ይህን እያሰብኩ ነው እስከ ዛሬ የምቆጨው። ቀደም ብለን ጋቢውን ብንገልጠው ትተርፍ ነበር ወይ? ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይነግረኝም። ላላ ያለ ማህፀን ቶሎ ከታሸ፣ መድኃኒቱም ቶሎ ከተሰጠ ብዙ ሴት እንደምትድን ግን እናንተም ታውቃላችሁ። በዚያ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ያወቀችው ሴት በር ዘግተን ያስወጣናት ነበረች።

እንግዲህ ጥያቄሽን ልመልስልሽ ልጄ። አጃቢን የምናስገባው ለደግነት ብቻ አይደለም። አንቺ ሴትዮዋን ካየሻት ግማሽ ቀንም አይሞላ። እናቷ፣ እህቷ፣ አማቷ ግን ደህና ስትሆን ምን እንደምትመስል ያውቃሉ። ሲደክማት እንዴት እንደምትናገር፣ ሲያማት እንዴት ዝም እንደምትል ያውቃሉ። ካርዱ ላይ ይህ አይጻፍም። «እንዲህ አልነበረችም» የሚል ቃል ከቤተሰብ ከሰማሽ፣ የያዝሽውን አስቀምጠሽ ሂጂና ጋቢውን ግለጪ።

ጓንት ልበሱ፣ እጅ ታጠቡ፣ ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅጽ) ሙሉ እያልኩ አላሰለቻችሁም። ኮሌጅ ነግረዋችኋል። ሳልናገር የማላልፈው ልጁ ከወጣ በኋላ ስላሉት ሁለት ሰዓታት ነው። ሁሉም ሰው ወደ ልጁ የሚያየው ያኔ ነው። ፎቶ ይነሳል፣ ስልክ ይደወላል፣ እልልታ ይሰማል። እናቲቱ ለብቻዋ ትቀራለች። ማህፀኑን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወግታችኋል፤ ጥሩ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር ወይ? መብራት ጠፍቶ የዋለበት ቀን ከሆነ እሱንም አስቡ። ከዚያ በየ15 ደቂቃው ማህፀኗን ንኩ። ከሥሯ ያለውን ጨርቅ እዩ። በዐይን ግምት አትመኑ። ግማሽ ሊትር ደም ጨርቅ ላይ ሲፈስ ትንሽ ነው የሚመስለው።

በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች የተሠራ ነው። ያደረጉት ነገር ውስብስብ አይደለም። ከወላዷ ሥር መስመር የተሰመረበት ላስቲክ አንጥፈው የፈሰሰውን ደም ለኩ። ልክ ካለፈ ማሸቱን፣ መድኃኒቶቹን፣ ጉሉኮሱንና ምርመራውን አንዱን ከአንዱ ሳይጠብቁ አንድ ላይ ጀመሩ። ከባድ የደም መፍሰስ፣ ለእሱ ተብሎ ሆድ መክፈትና በእሱ መሞት በድምሩ በ60 በመቶ ቀነሰ። ሳነበው ያ ጥቁር ላስቲክ ነው ትዝ ያለኝ።

ስለ እናንተ ትውልድ አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። እውቀታችሁ ከእኛ ይበልጣል። ድፍረታችሁም እንደዚያው፤ ኃላፊ ሲሳሳት ትናገራላችሁ፣ በዚህ እቀናባችኋለሁ። ስልካችሁ ግን! የማዋለጃ ክፍል ውስጥ ስልክ ይዞ የሚቀመጥ ሚድዋይፍ ሳይ ደሜ ይፈላል። ከ15 ደቂቃው ውስጥ አሥሩን ቲክቶክ ይበላዋል። እርግጥ ያን ሌሊት ስልክ ቢኖረን ኖሮ መኪናውን ከስብሰባ እንጠራው ነበር። እናንተ በአንድ ጥሪ አምቡላንስ ታስመጣላችሁ፣ ሪፈር የተባለችው ሳትደርስ ለሆስፒታሉ ታስታውቃላችሁ። ስለዚህ ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፤ ዐይናችሁ ግን እሷ ላይ ይሁን።

ሌላው የሚያሳዝነኝ ብዙዎቻችሁ ይህን ሙያ መሸጋገሪያ አድርጋችሁ ማየታችሁ ነው። ደመወዙ አይበቃም፣ ልክ ናችሁ፤ በዚህ አልከራከርም። ሙያው ትንሽ ነው ስትሉ ግን አልስማማም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንን ሁሉም በፊስቱላ፣ ረጅም ምጥ አድርሶት ሽንት አልቆም በሚለው ጉዳት ሕክምና ነው የሚያውቃቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ የመጡት ግን በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ፊስቱላን እዚሁ ነው ያገኙት። በዕድሜያቸው ማምሻም ታፎ ላይ የሚድዋይፍ ኮሌጅ ከፈቱ፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት የምትደርሰው አዋላጅ እንደሆነች ስላዩ ነው።

ወንድ ሚድዋይፎችንም ላንሳ። ድሮ «ወንድ ልጅ ምጥ ምን ያውቃል» እል ነበር። አንድ ዓመት ከአንድ ልጅ ጋር ሌሊት ተረኛ ሆነን ሠራን። ማንም ሴት ላይ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ተንበርክኮ ነበር የሚያዋራቸው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም። በምጥ ላይ ያለችን ሴት የሚሳደብ ወይም ጭኗን የሚመታ ግን ወንድም ይሁን ሴት ይህን ሥራ ይተው። ሴቶች ጎረቤት ሄደው ይነግራሉ። አንዷን የሰደባችሁ ቀን ሌሎቹ ቤታቸው ቀርተው እንዲወልዱ ፈርዳችሁባቸዋል።

አጃቢን ስሙ ስላልኩ ግን የተናገሩትን ሁሉ ተቀበሉ ማለቴ አይደለም። ልጁን ያተረፉት እኚያው አማት መኪናው ላይ ከመቀነታቸው ቅቤ አውጥተው ሊያልሱት ነበር። ለምኜ ነው ያስተውኳቸው። እንገር «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ሲታለብና ሲደፋ ዛሬም ታያላችሁ። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ ያ ወፍራም ቢጫ ወተት የመጀመሪያ መከላከያው ነው። ገላውንም ለ24 ሰዓት አትጠቡት። አያት «ሳይታጠብ?» ብላ ትቆጣለች። አትመልሱላት፣ አትሟገቷት። ልጁን ደረቷ ላይ አድርጉላት። ሙቀቱን ስትይዝ ቁጣዋ ይበርዳል።

አጃቢ ማስገባት ማለት ደግሞ ዝም ብሎ ማስቀመጥ አይደለም፤ ሥራ ስጧት። ስትገባ ስሟን ጠይቁ፣ ከወላዷ ስም ሥር ካርዱ ላይ ጻፉት። እጇን ይዛችሁ ከእምብርት ዝቅ ብሎ ጠጣሩን ማህፀን አስነኳት። «እዚህ ጋ ከላላ፣ ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ከራሰ፣ ላብ ካላባት ወይም ስትጠሪያት ካልመለሰች ጮኸሽ ጥሪኝ» በሏት። የምታለቅሰዋ አጃቢ ሥራ ስታገኝ ለቅሶዋን ትተዋለች። በሥራ የማውቀው ነው።

የክፍሉን ጥበት በተመለከተ ቅሬታሽ እውነት ነው። ሦስት አልጋ በአንድ ክፍል ውስጥ ተደርድሮ የአንዷ አጃቢ ሌላዋን ራቁቷን ማየት የለባትም። መጋረጃ ጠይቂ። በጀት የለም ካሉሽ ገመድ አሳስሪና ሁለት ነጠላ ይሰቀልበት፤ ነጠላውን አጃቢዎቹ ራሳቸው ያመጡልሻል። የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ካለ አንድ ሰው ይግባ። ማን ትግባ የሚለውን ወላዷን ጠይቂያት፣ ባሏን አይደለም።